ራጁን ማን አዘዘ?

ሰሞኑን በኬዝ ስብሰባ ላይ አንድ ሲኒየር ሐኪማችን «ዳሌዋን ስለጠረጠርኩ ራጅ አዘዝኩ» ብለው ሲያቀርቡ፣ ኋላ ወንበር ላይ ጥርሴን ነክሼ ሰማሁ።

ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነው። ሲፒ (ሴሬብራል ፓልሲ፣ አንጎል ላይ በደረሰ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር)፣ ደረጃ 5፣ ማለትም ከአምስቱ ከባዱ። ራሷን ችላ አትቀመጥም። እኔ ጋ፣ ፊዚዮቴራፒ የሚያመጧት አያቷ ናቸው። ከሆነ ጊዜ ወዲህ ገና እግሯን ስነካት ማልቀስ ጀመረች። ካርዷ ላይ «የጡንቻ መወጠር ጨምሯል» ተባለና ጡንቻ የሚያላላው መድኃኒቷ፣ ባክሎፌኑ፣ ከፍ ተደረገ። ከዚያ እንቅልፍ በእንቅልፍ ሆነች፣ አንገቷ ላላ፣ ለሃጯ በዛ። ለቅሶው ግን ያው።

አንድ ቀን አያቷ ጠጋ አሉኝ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትስቅብኝ።»

«ኧረ ይጠይቁኝ እማማ።»

«ዳይፐር ስቀይርላት ቀኙ ይከፈትልኛል። ግራው እምቢ ይላል። የምትጮኸውም ያኔ ነው። ይኼ መወጠር የምትሉት ነገር ግራና ቀኝ ይመርጣል እንዴ?»

መምረጡን ሊመርጥ ይችላል። የእሷ ግን እስከዚያ ድረስ ሁለቱም እኩል ግትር ነበር። በጀርባዋ አስተኛኋትና ጉልበቶቿን አጥፌ ተረከዞቿን ጎን ለጎን አደረግኩ። የግራው ጉልበት ከቀኙ ዝቅ ብሎ ቁጭ። እማማ በትከሻዬ በኩል አጮልቀው «አጥሯል አይደል?» አሉ። አጥሯል።

ዶክተሩ ጋ ሄድኩ። ከስልካቸው ቀና ሳይሉ «እናንተ ፊዚዮዎች ደግሞ ራጅ ስትወዱ!» አሉኝ። ቆሜ ቀረሁ። በሲፒ አንጎል ላይ የደረሰው ጉዳት እየባሰ አይሄድም፤ ዳሌ ግን ይሄዳል። የውስጥ ጭን ጡንቻዎች ቀን ከሌት እየጎተቱ የጭኑን አጥንት ራስ ቀስ በቀስ ከማቀፊያው ያወጡታል፣ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ምንም ላያም ይችላል። ለዚህ ነው ልጁ እስኪያለቅስ ሳይጠበቅ በየጊዜው ራጅ የሚነሳው። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ደረጃ 5 ላይ ካሉት ልጆች 90 በመቶ ያህሉ ዳሌያቸው ከቦታው ሸሽቶ እንዳገኘ እሳቸው ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ። ማወቁ ሌላ፣ እስክሪብቶ ማንሳቱ ሌላ።

አለመንቀሳቀሴ ሲያሰለቻቸው «በል እንካ፣ ደስ ይበልህ» ብለው ፈረሙልኝ። እንግዲህ ፊርማው የሳቸው ነው፤ አዘዝኩ ማለታቸው ውሸት አይደለም። ጠረጠርኩ የምትለዋ ናት ያንገበገበችኝ።

ራጁ መጣ። የአጥንቱ ራስ ከማቀፊያው ከ30 በመቶ በላይ ከወጣ ያሳስባል ይባላል፤ የእሷ ግራ ከግማሽ በላይ ወጥቷል። ቀደም ብሎ ቢታይ ምናልባት ጅማት በማላላት ይሞከር ነበር። አሁን አጥንት ቆርጦ ማስተካከል ነው የታሰበላት። ባክሎፌኑ ወደ ድሮው መጠን ተመለሰ፣ እኔም ግራ እግሯን መዘርጋት አቆምኩ።

ከስብሰባው በኋላ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ ከደረጃ 3 ጀምሮ ያለ ልጅ ሁሉ በየጊዜው የዳሌ ራጅ ይነሳ። ከሥሩ የዶክተሩ ስም። በፕላስተር የለጠፍኩት እኔው ነኝ፤ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ምን ይደረጋል።

እማማ የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ሊይዙ ሲመጡ ማስታወቂያውን አስነበቡኝ። ሰምተው ሲጨርሱ ዶክተሩን ሲመርቁ፣ ሲመርቁ፣ «እጃቸው አይንቀጥቀጥ፣ ዓይናቸው አይድከም፣ እኚህ ሐኪም ናቸው ያወቁልን» ሲሉ ቆዩና ድንገት እኔ ትዝ አልኳቸው።

«አንተም በርታ ልጄ፤ ከሥራቸው አትጥፋ፣ ትማራለህ።»