ጀርባውን አዙሩት

ስለ አሮጌ የቤዝቦል ካርድ፣ ማለትም የአሜሪካ ቤዝቦል ተጫዋች ሥዕል ስላለበት ትንሽ ካርቶን፣ ሲወራ ወሬው ሁሉ ፊቱ ላይ ስላለው ተጫዋች ነው። እኔ ደግሞ ውዬ አድሬ የማስበው ስለ ጀርባው ነው። ገንዘቡም ሐሰቱም በአብዛኛው የሚታወቀው በዚያ በኩል ነውና ዛሬ እሱኑ ልጻፍ። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ቲ206 የሚባለው ስብስብ ከ1909 እስከ 1911 የአሜሪካን ቶባኮ ኩባንያ በሲጋራ ፓኮና በትምባሆ ከረጢት ውስጥ እየከተተ ያወጣው ነው። ካርዱ ፓኮውን ደገፍ አድርጎ ሲጋራው እንዳይጨፈለቅ ይጠብቃል፤ ገዢውንም ሌላ ፓኮ እንዲገዛ ያጓጓዋል። ሰብሳቢዎች 524 ብለው ይቆጥሩታል፤ ጨርሶ መሰብሰቡ ስለሚከብድም «ጭራቁ» ይሉታል። መለያውን የሰጠው የካርድ መዝገብ ያዘጋጀው ጄፈርሰን በርዲክ ነው። «ቲ» የ20ኛው ክፍለ ዘመን የትምባሆ ካርድ መሆኑን ያሳያል፤ 206 የመዝገብ ቁጥሩ ነው። የበርዲክ የራሱ ስብስብ ከ300 ሺህ በላይ ሲሆን ዛሬ ኒውዮርክ በሚገኘው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ተቀምጧል።

ጀርባው ላይ 16 የትምባሆ ስሞች ይፈራረቃሉ። ፒድሞንትና ስዊት ካፖራል እንደ ልብ ይገኛሉ። ድረም፣ ዩዚት፣ ሌኖክስና ብሮድ ሊፍ ግን ብርቅ ናቸው። አንዱ ተጫዋች፣ አንዱ ሥዕል፣ ያው የተጎሳቆለ ጥግ ሆኖ ጀርባው ፒድሞንት ከሆነ በጥቂት አሥር ዶላሮች ይሸጣል፤ ድረም ከሆነ ዋጋው ብዙ እጥፍ ይዘላል። በብዙዎቹ ላይ ከስሙ ጋር 150፣ 350 ወይም 460 የሚል ቁጥር ይኖራል፤ ካርዱ በየትኛው ዙር እንደታተመ የሚነግረን እሱ ነው። ከታች ደግሞ የፋብሪካው ቁጥር አለ፦ ፋብሪካ 25 ቨርጂኒያ፣ ፋብሪካ 30 ኒውዮርክ። ለግብር ቁጥጥር ሲባል የተጻፈ ነገር ነው፤ ከመቶ ዓመት በኋላ እንዲህ ያገለግላል ብሎ ያሰበ የግብር ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም።

ከ16ቱ ስሞች አንዱን፣ ፖላር ቤርን፣ በቅርበት ላሳያችሁ። ጀርባው ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ጽሑፉ ነጭ። ሲጋራ ሳይሆን ልቅ ትምባሆ ስለነበረ ካርዱ ቅጠሉ መሐል ተቀብሮ ነው የከረመው። ስለዚህ ቡናማ እድፍ ቢታይበት አያስደነግጥም፤ የትውልድ ምልክቱ ነው በሉት። አሜሪካን ቢዩቲ የሚል ጀርባ ያለው ደግሞ ፓኮው ቀጭን ስለነበር ከሌሎቹ በ1/16 ኢንች ገደማ ይጠብባል። መደበኛው መጠን 1 7/16 በ2 5/8 ኢንች፣ ማለትም ወደ 36.5 በ66.7 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን የማያውቅ ማስመሪያ ያስጠጋና «ተቆርጧል» ብሎ ደህናውን ካርድ ይመልሳል።

ጀርባ ውሸት የሚያጋልጠው እንዲህ ነው። ሼሪ መጊ (Magee) የሚባለው ተጫዋች ካርድ መጀመሪያ ሲታተም የስሙ አራተኛ ፊደል ተሳስቶ «Magie» ተብሎ ወጣ፤ ወዲያው ታረመ። የተሳሳተው ብርቅ ስለሆነ የታረመውን ካርድ ፍቀው አንዷን ፊደል የሚቀይሩ አሉ። ስህተቱ ያለበት ካርድ የሚገኘው ግን በፒድሞንት 150 ጀርባ ብቻ ነው። ሌላ ጀርባ ካለው ማጉያ መነጽር ማውጣትም አያስፈልግ። ሆነስ ዋግነር (Honus Wagner) የሚባለው ተጫዋች ካርድም እንዲሁ ነው፦ ስዊት ካፖራል 150 ወይም ፒድሞንት 150። ፖላር ቤር ጀርባ ያለው ዋግነር ቢቀርብላችሁ ሻጩን አመስግናችሁ ሂዱ። ዋግነር ካርዱ እንዲቆም ያደረገው ልጆች ትምባሆ እንዳይገዙ ብሎ ነው የሚሉ አሉ፤ ክፍያ ስላልተሰጠው ነው የሚሉም አሉ። የቀረው ጥቂት መሆኑ ግን አያከራክርም፤ በ2021 አንዱ በ6.6 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል።

ጀርባው ትክክል ሆኖ ካርዱ ፎርጅድ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ያኔ 10 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ከታች ያለውን የተጫዋቹን ስም እዩ። በኦሪጅናሉ ቡናማው ቀለም ፊደሉን ድፍን አድርጎ ይሞላዋል። በፎቶ ተነሥቶ በድጋሚ በታተመው ላይ ግን ፊደሉ ራሱ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሠራ ሆኖ ይታያል። ቀጥሎ በጨለማ ክፍል የአልትራቫዮሌት መብራት አብሩበት። ወረቀት ላይ ማንጫ ኬሚካል መጨመር የተለመደው ከ1940ዎቹ መገባደጃ ወዲህ ስለሆነ፣ የ1910 ካርድ ደብዘዝ ብሎ ይቀራል፤ አዲሱ ወረቀት ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ያበራል። አለማብራቱ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። አታላዩ አሮጌ ወረቀት ሊያገኝ ይችላል፤ ሻይ ውስጥ የተነከረም አለ። ሻይ የነካው ካርድ ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው፤ እውነተኛ እርጅና ግን ወጥ አይደለም። ጥጎቹንም እዩ፤ አራቱም እኩል ከተሸረፉ ብርጭቆ ወረቀት ነክቷቸዋል ማለት ነው። «ድጋሚ ኅትመት» የሚለውን ጽሑፍ ከጀርባው ፍቀው የሚሸጡም አሉ፤ ወደ ብርሃን ሲያነሱት የተፋቀው ቦታ ሳስቶ ይታያል።

ከፎርጅድ ይልቅ እኔን የሚያናድደኝ መቁረጥ ነው። ካርዱ እውነተኛ ነው፤ ጥጉ ስላለቀ ጠርዙን በስለት ላጥ ያደርጉና አዲስ ያስመስሉታል። የተቆረጠ ጠርዝ ከቀሪዎቹ ይነጣል፣ ይሰላል፤ አንዳንዴም ጫፉ ላይ ስለቱ ያዝ ያደረገበት ትንሽ ጎባጣ ይቀራል። አራቱንም ጠርዝ በጎን አድርጎ በመብራት ማነጻጸር ነው። ገምጋሚ ድርጅቶች ካርዱን የሚያሽጉበት ፕላስቲክና ላዩ ላይ ያለው ከ10 የሚሰጥ የደረጃ ቁጥርም ዋስትና አይደለም። በ1991 በ451 ሺህ ዶላር የተሸጠው፣ በ8 ደረጃ የታሸገው ታዋቂው ዋግነር ጠርዙ የተላጠ መሆኑን ቀድሞ የሸጠው ቢል ማስትሮ በ2013 ቺካጎ ፍርድ ቤት አምኗል።

አልበም ላይ የተለጠፈ ካርድ ሲገኝ ጀርባው ታፍኖ ነው የሚመጣው። በልጅነቱ ቴምብር ከፖስታ ላይ በውሃ ያላቀቀ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። ሳህን ላይ ዲስትልድ ውሃ ሁለት ጣት ያህል ይፈስሳል፤ የክፍሉ ሙቀት ይበቃዋል። ካርዱ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ይነከራል። ያኔ የሚለጠፈው በዱቄት ማጣበቂያ ስለነበር በ30 ደቂቃም በሦስት ሰዓትም የአልበሙ ወረቀት ራሱ ይለቃል። ካለቀቀ መጠበቅ እንጂ መጎተት የለም፤ የሚጎተት ከሆነ የጀርባው ጽሑፍ ተላጦ ይመጣል። የቀረውን ልጋግ ውሃው ውስጥ እንዳለ በጣት ሆድ ቀስ ብሎ ማንሳት፣ ከዚያ ውሃውን ለውጦ ማለቅለቅ። ሲወጣ ውሃ በሚመጥ ለስላሳ ነጭ ወረቀት መሐል ይገባል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወረቀቱ ይቀየራል፤ ከላይ ከባድ መጽሐፍ ተጭኖበት ከሦስት ቀን እስከ ሳምንት ይቆያል። የወጥ ቤት ሶፍት አይሆንም፣ ነጠብጣቡ ካርዱ ላይ ይታተማል። ቸኩሎ በሁለተኛው ቀን ያወጣው ሰው ካርዱ እንደ ደረቀ እንጀራ ጠርዙን ሲያነሳ ያየዋል። ቲ205 የሚባለውን ሌላ ስብስብ፣ የ1911ዱን ባለወርቅ ጠርዝ፣ ግን ውሃ አታስነኩት፣ ወርቁ ሊረግፍ ይችላል። ዘመናዊ ሙጫም ብዙ ጊዜ በውሃ አይለቅም። ውሃ ብቻ ከሆነ ብዙዎች ይቀበሉታል፤ ኬሚካል ከገባበት ካርዱ እንደተነካካ ይቆጠራል። ሽያጭ ከመጣ ሁለቱንም መናገር ተገቢ ይመስለኛል።

ማስቀመጡ ቀላል ነው፦ ፒ.ቪ.ሲ. ከሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት የጸዳ ላስቲክ፣ ከዚያ ደረቅ ማቀፊያ፣ ፀሐይና እርጥበት የሌለበት መሳቢያ። ጎማ ማሰሪያ በጭራሽ።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ከ524ቱ ካርዶች አንድም ጥቁር አሜሪካዊ የለም። ትልልቆቹ ሊጎች እስከ 1947 ድረስ በራቸውን ዘግተውባቸው ነበርና አሜሪካ ውስጥ ለእነሱ ካርድ የሚያትም የትምባሆ ኩባንያ አልነበረም። ኦስካር ቻርልስተንን የመሰለ ጥቁር ተጫዋች በካርድ የሚፈልግ ሰው ክረምት ክረምት ወደ ተጫወተበት ኩባ መዞር አለበት፤ በ1923 እና በ1924 የወጡት የቢሊኬን ሲጋራ ካርዶች ላይ ይገኛል። ከዚያ ውጭ ያለው በአብዛኛው የጨዋታ ማስታወቂያ፣ ቁራጭ ትኬትና ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉንም ቢሆን መጀመሪያ ማዞር ነው፤ የፎቶ አንሺው ወይም የዜና ድርጅቱ ማኅተም፣ የጋዜጣው ቀን፣ የተለጠፈች የመግለጫ ቁራጭ እዚያ ትኖራለች። ዋጋ የሚያወጣው ከዋናው ኔጋቲቭ፣ ፎቶው በተነሣ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ የታጠበው ነው። ፊቱ ፍጹም ተመሳሳይ ሆኖ በ1960ዎቹ የታጠበ ቅጂ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ልዩነቱንም የሚናገረው ጀርባ ላይ ያለው ማኅተም ነው።