ትሬለር ስትጎትቱ ነዳጁን የሚጨርሰው ፍጥነቱ ነው

ከቨርጂኒያ ወደ ዴንቨር ስንዛወር የቤት ዕቃችንን የጫንነው ጓደኛችን ባዋሰን 6 በ12 ጫማ ዝግ ትሬለር ላይ ነው። የሚጎትተው የኛ ቶዮታ ፎርራነር ነበር። መኪናው ብቻውን ሃይዌይ ላይ በጋሎን 20 ማይል ገደማ ይሄዳል። ትሬለሩን አስረን ከሌላው መኪና እኩል በሰዓት 70 ማይል ስንነዳ ግን ወደ 11 ወረደ።

የባለቤቴ ወንድም አብሮኝ ይነዳ ነበር። «ክብደቱና ዳገቱ ነው» አለ። እኔም መለካት ጀመርኩ። የዳሽቦርዱን ቁጥር ትቼ ታንኩን እሞላለሁ፣ ማይሉን እመዘግባለሁ፣ ቀጣዩ ማደያ ላይ እንደገና ሞልቼ የተነዳውን ማይል ለገባው ጋሎን አካፍላለሁ።

ካንሳስ ውስጥ ቶፒካ ከተማን አልፈን ፍጥነቱን ብቻ ወደ 60 አወረድነው። ዕቃው ያው፣ መንገዱም ያው አይ-70 ሃይዌይ ነው። ቁጥሩ 14 ገባ።

አየር የሚከላከለን ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። ከ60 ወደ 70 ስንወጣ ፍጥነቱ የሚጨምረው 17 በመቶ ሲሆን የአየሩ ጫና ግን 36 በመቶ ይጨምራል። ትሬለሩ ደግሞ ከመኪናው ጣራ በላይ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ካንሳስ ላይ የ20 ማይል ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣ፣ በ60 እየነዳችሁ ሞተሩ የሚታገለው የ80ን አየር ነው።

የዳገቱንም ሒሳብ ሠራሁት። ከካንሳስ ሲቲ እስከ ዴንቨር መንገዱ ቀስ እያለ 1,300 ሜትር ያህል ይወጣል። መኪናና ትሬለር ከነጭነታቸው 4 ቶን ገደማ ናቸው። ይህን ሁሉ ወደ ላይ ለማውጣት የሚያስፈልገው ሁለት ጋሎን አካባቢ ነው፤ 600 ማይል ለሚሆን መንገድ! በ70 እና በ60 መካከል ያለው ልዩነት ግን ወደ 12 ጋሎን ይጠጋል። ጋሎኑ 3 ዶላር ቢሆን እንኳ 35 ዶላር ነው። የሚጠፋው ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። ለእኔ ያዋጣል፤ ትሬለሩም በ60 ረግቶ ነው የሚከተለው።

ክብደት የሚጎዳው በአነዳድ ነው። ከባድ ነገር በፈጠነና በቆመ ቁጥር ነዳጁ ፍሬን ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከፊታችን ካለው መኪና ራቅ ብለን፣ ነዳጁን ቀስ እያልን እየሰጠን ነዳን። ዳገት ላይ ክሩዝ ኮንትሮሉን አጠፋሁት። እሱ ፍጥነቱን ላለመልቀቅ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩን ያስጮኸዋል። በቀኝ መስመር ሆኜ 5 ማይል ያህል ቢወርድ ምንም አይደለም። ማርሹንም ኤስ ላይ (ነጂው ከፍተኛውን ማርሽ ራሱ የሚወስንበት ቦታ) አድርጌ 4ኛ ላይ ያዝኩት፤ በተለመደው ዲ ላይ ሲሆን 4ኛና 5ኛ መካከል ይዋልላል፣ የማርሹ ዘይትም ይሞቃል።

ስትጭኑ ከክብደቱ 60 በመቶ የሚሆነውን ወደ ፊት አድርጉ። ይህ ለነዳጅ ሳይሆን ትሬለሩ እንዳይወዛወዝ ነው። የጎማ ነፋስም ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ይለካ። የመኪናው ጣራ ላይ ግን ምንም አትጫኑ፤ ዕቃው ሁሉ ትሬለሩ ውስጥ ይግባ።

ሜዳው ላይ ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ነው የሚበረታው። ስለዚህ ካንሳስ ውስጥ ሄይስ ከተማ አድረን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሣን። ሳይበረታ ኮሎራዶ ገባን። በዚያ መንገድ ያገኘነው የተሻለው ቁጥር ያን ጠዋት ነው፤ በጋሎን 15 ማይል።