የፔጆ 404 ሰዓት፦ ከሐረር የተገኘው ዕቃ ድሬዳዋ ላይ ሲቆጥር

ባለፈው ማስታወሻዬ የፔጆ 404 መኪናዬ ዳሽቦርድ ላይ የሰዓቱ ቦታ ባዶ መሆኑን ጽፌ ነበር። ሐረር ይህ መኪና በታክሲነት ለረጅም ዘመን ያገለገለባት ከተማ በመሆኗ ፍለጋዬን ወደዚያ አዞርሁ፤ ሸዋ በር አካባቢም ያገለገሉ መለዋወጫዎችን ከሚሸጥ ነጋዴ ዘንድ፣ ከበር እጀታዎች ክምር ሥር፣ መስታወቱ ያልተሰነጠቀ ሰዓት አገኘሁ። ነጋዴው እንደማይሠራ በግልጽ ነገረኝ። እኔም ለጌጥ ብቻ ልተክለው ስላልፈለግሁ፣ እንደሚጠገን ተስፋ አድርጌ ገዛሁት።

ተስፋዬ ያለ ምክንያት አልነበረም። እንዲህ ያለው ሰዓት በኤሌክትሪክ የሚሞላ ትንሽ ስፕሪንግ አለው፤ ስፕሪንጉ ሲላላ ሁለት የብረት ነጥቦች ይገናኙና ኤሌክትሪክ በጥቅል ሽቦው ውስጥ ያልፋል፣ በዚህ የሚፈጠረው የማግኔት ኃይልም ክንዱን ገፍቶ ስፕሪንጉን ይሞላል፣ ነጥቦቹም ወዲያው ይለያያሉ። ይህ በየጥቂት ደቂቃው ስለሚደጋገም ከዓመታት በኋላ ነጥቦቹ ይጠቁራሉ፤ ሰዓቱም ጥርሶቹ ደህና ሆነው ሳለ ይቆማል። ባትሪ ሲደክም ደግሞ ክንዱን የሚገፋው ኃይል ስለሚያንስ ነጥቦቹ እንደተገናኙ ይቀራሉ፣ ጥቅል ሽቦውም ግሎ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ አሮጌ ሰዓት ያገኘ ሰው ሳይከፍተውና ሳያጸዳው ባትሪ ላይ እንዳይሞክረው አጥብቄ እመክራለሁ።

ጥቅል ሽቦው አለመበጠሱን በቴስተር ካረጋገጥሁ በኋላ ነጥቦቹን በጣም በላመ ብርጭቆ ወረቀት አሸሁ፣ የደረቀውን ዘይት በቤንዚን አጠብሁ፣ ከዚያም በመርፌ ጫፍ የሰዓት ዘይት ጥርሶቹ በሚዞሩባቸው ዘንጎች ጫፍ ላይ ብቻ አኖርሁ። ነጥቦቹን ዘይት ሊነካቸው አይገባም።

መግጠሙ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም። ዋናው ሽቦ ቁልፉ ሲዘጋም ኤሌክትሪክ ከማይቋረጥበት መስመር፣ በራሱ አነስተኛ ፊውዝ በኩል ተቀጠለ፤ የአምፖሉ ሽቦ ግን ከዳሽቦርዱ መብራት ጋር ሄደ።

ትዕግሥት የጠየቀኝ ማስተካከሉ ነው። ከሰዓቱ ጀርባ «A» እና «R» በሚሉ የፈረንሳይኛ ፊደላት መካከል የምትንቀሳቀስ ትንሽ ምላስ አለች። ጎረቤቴ የሆኑ የቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኛ፣ ፈረንሳይኛውን በሥራ ዘመናቸው የለመዱት አባት፣ «ልጄ፣ A ማፍጠኛ ነው፣ R ማዘግያ» ብለው አስረዱኝ። በመጀመሪያው ቀን ሰዓቱ 11 ደቂቃ ዘገየ። ምላሷን በፀጉር ስፋት ያህል ወደ ማፍጠኛው ገፋሁ፤ በማግሥቱ አራት፣ ከሌላ ማስተካከያ በኋላ ሁለት ደቂቃ ብቻ ዘገየ። መኪናው በቀትር ፀሐይ ከዋለ በኋላም ልዩነቱ ስላልጨመረ፣ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ልክ በቀኑ ስድስት ሰዓት ሞልቼ ክዳኑን ዘግቻለሁ።