ነገ ጠዋት ነይ

ሌሊት ሠርቼ ጠዋት ነው የገባሁት። ውጪ ዝናብ አለ፣ እግሬ አብጦ ጫማው አልወጣ ብሎኝ ነበር፣ ደክሞኛል ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ከትናንት ጀምሮ የሆነ ነገር ሆዴን ባር ባር ይለዋል፣ ምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ አላውቀውም። እንዲህ ሲሆን የማደርገውን ታውቃላችሁ፣ ሻይ በጦስኝ አፍልቼ ብርድ ልብሴን ይዤ ሶፋው ላይ እቀመጥና ኤስ.ቪ.ዩ እከፍታለሁ፣ ያንን የአሜሪካ የፖሊስ ተከታታይ ድራማ። ስንት ጊዜ ያየሁትን። ፒኮክ በሚባለው የኢንተርኔት ቲቪ የ12ኛው ሲዝን መጨረሻ ላይ ነበርኩ፣ ኤፒሶዱ አለቀና ሪሞቱን ፈልጌ እስካገኝ በራሱ ጊዜ ወደ 13ኛው አለፈ።

ያንን ኤፒሶድ ደግሜ አላየውም ብዬ ነበር እኮ።

ኤስ.ቪ.ዩን የምታዩ የትኛውን እንደምል ገብቷችኋል። ቤንሰንና ስታብለር 12 ሲዝን ሙሉ አንድ መኪና ውስጥ ተቀምጠው፣ አንድ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ሆነው፣ የሰው መከራ ሲሰሙ የኖሩ መርማሪዎች ናቸው። ግንቦት 2011 ላይ (በፈረንጅ) እናቷ የተገደለችባት ልጅ ሽጉጥ ይዛ እዛው ፖሊሶቹ ቢሮ ውስጥ ተኩስ ትከፍታለች፣ መነኩሲቷ ሲስተር ፔግ ትሞታለች፣ ስታብለር ልጅቷን በጥይት ይመታታል፣ እዛ ላይ ያበቃል። በጋውን ሙሉ ጠበቅን። መስከረም ላይ ሲመለስ ያ ዱን ዱን የሚለው ድምፅ አለ፣ ሙዚቃው አለ፣ የቤንሰን ፊት አለ፣ የስታብለር ስምና ፊት ግን ከመግቢያው ላይ የለም። ከዛ አለቃቸው ካፒቴን ክሬገን ቤንሰንን ጠርቶ ስታብለር ጡረታ እንደወጣ ይነግራታል። በቃ። ይህን ብቻ። እሷ ወደ መጠየቂያው ክፍል ትገባና ብቻዋን ታለቅሳለች፣ ከዛ እንባዋን ጠርጋ ወደ ሥራዋ።

እንዲህ ያለ ነገር ይደረጋል? 12 ዓመት! ተዋናዩና አዘጋጆቹ በኮንትራት አልተስማሙም፣ ያንን አውቃለሁ፣ ሰውየው ከሌለ ምን ይቅረፁ። ግን አንድ ደብዳቤ መጻፍ ያቅታል? ቤንሰን እጅ ላይ አንድ ወረቀት ቢያስቀምጡላት፣ ሳናነበው እሷ ስታነብ ብቻ ብናይ እንኳ ይበቃን ነበር። ይባስ ብሎ የዛ ቀን ታሪክ ራሱ ትልቅ ታሪክ ነበር፣ በዛው ዓመት ኒውዮርክ ሆቴል ውስጥ ከተነሳው የክስ ዜና የተቀዳ፣ አፍሪካዊት የሆቴል ክፍል አፅጂ አንድ ትልቅ የኢጣልያ ፖለቲከኛ ደፈረኝ ብላ የከሰሰችበት። እኔ ያኔ ሆቴል ውስጥ ሀውስኪፒንግ ነበር የምሠራው፣ ያቺ ሴት የምትገፋውን ጋሪ ገፍቼዋለሁ፣ በር አንኳኩቶ ‹ሀውስኪፒንግ› ብሎ መልስ ሲጠፋ መግባት ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ፣ አልጋው ላይ ተጎንብሰሽ ጀርባሽን ለበሩ ሰጥተሽ ስትቆሚ የሚሰማሽን አውቀዋለሁ። ያንን ኤፒሶድ ከሁሉም በላይ ልወደው የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። ግን ስለሷ ምንም አልያዝኩም፣ ዐይኔ ባዶው ወንበር ላይ ቀረ። የአፅጂዋንም ታሪክ አስጨፈለቁብኝ፣ የስታብለርንም ስንብት በሉት።

ያኔ ከት. ጋር ነበር የምንኖረው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያቺ ባለ አንድ ክፍሏ አፓርታማ። ቤንሰን ስታለቅስ እኔም ሳግ ይዞኝ አለቀስኩ፣ ት. ደነገጠች፣ ‹‹ምን ሆነሻል አንቺ፣ ፊልም እኮ ነው›› አለችኝ። ፊልም መሆኑን መች አጣሁት። ለኔ ግን ከፊልም ያለፈ ነገር ነበረው፣ እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው። ስመጣ የአየር ማረፊያው ሰውዬ የሚለኝ የማይገባኝ ሰው ነበርኩ። ቀን ቀን ት. ሥራ ስትሄድ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ካፕሽኑን ከፍቼ፣ በኬብል ከጠዋት እስከ ማታ የሚደጋግሙትን ኤስ.ቪ.ዩ አያለሁ፣ ደብተር ይዤ ቃል እጽፋለሁ። መግቢያው ላይ ያ ሰውዬ በወፍራም ድምፁ የሚላትን ‹ሄይነስ› (እጅግ ዘግናኝ) የምትለዋን ቃል መዝገበ ቃላት ላይ ፈልጌ ነው ያገኘኋት። ሾው የጀመረው በፈረንጅ 1999 ነው፣ እኔ ደግሞ የመጣሁት በኛ 1999። መጀመሪያ ሰሞን ሁለቱ እየተምታቱብኝ እኔና እነሱ አንድ ቀን የጀመርን ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ግን ቤንሰን ወደ መጠየቂያው ክፍል ገብታ ስታለቅስ ሳይ ት.ም አልታየችኝም፣ ሆቴሉም አልታየኝም። የታየችኝ መ. ናት። አቆምኩት። ሻዩም ቀዘቀዘ።

ዲቪ ሲደርሰኝ እማዬ የመጀመሪያ ቃሏ ‹‹እንኳን ደስ ያለሽ›› አልነበረም፣ ‹‹ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ›› ነበር። የምታውቁት ነው። ኢንተርቪው እስኪያልቅ አይነገርም፣ ቪዛ እስኪመታ አይነገርም፣ ከተመታም በኋላ አውሮፕላን ላይ እስኪወጣ አይነገርም። ስንቱ አውርቶ ቀርቷል፣ ዐይን ይበላል፣ ምቀኛ አይጠፋም፣ አፍሽን ያዢ። ሜዲካል ስሄድ ‹ሆድ ቁርጠት ይዞኝ ሐኪም ቤት ነበርኩ› አልኩ፣ ፓስፖርት ለማውጣት ስሰለፍ ‹አክስቴ ጋ›። ማንን ነው የዋሸሁት? ሰፈሩን ሁሉ፣ ግን ከሰፈሩ ሁሉ ጠዋትና ማታ የምትጠይቀኝ መ. ናት። ቤታችን አንድ አጥር ነው የሚለየው፣ የሽሮ ሜዳ ቆርቆሮ አጥር፣ ቡና ሲፈላ በቀዳዳው ነው የምንጠራራው። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ከእጄ በቀር ፀጉሯን ማንም ነክቶት አያውቅም።

የምሄድ ዕለት፣ ሐሙስ ነው፣ አመሻሽ 12 ሰዓት ላይ እኔና እማዬ ጓዳ በር ዘግተን ሻንጣ እንይዛለን። በርበሬው በሦስት ፌስታል ተጠቅልሎ በፕላስተር ተጠምጥሟል፣ ሽሮው እንደዛው፣ ዳቦ ቆሎው በጨርቅ ከረጢት። ሚዛን ከሱቅ ብንዋስ ወሬ ይወጣል ብላ እማዬ ሻንጣውን በእጇ ብድግ እያደረገች ትገምታለች። የመ. ድምፅ ከውጪ መጣ። እማዬ አልጋው ላይ የነበረውን ጋቢ ሻንጣው ላይ ወረወረችው፣ እኔ ወጣሁ። እጄ በርበሬ ይሸታል። መ. በር ላይ ቆማ፣ ቅዳሜ የእህቷ ሰርግ ነው፣ ‹‹ነገ ሹሩባ ትሠሪኛለሽ አይደል? አደራሽን፣ እንዳምናው ቀጭን ቀጭን›› አለችኝ።

‹‹እሺ፣ ነገ ጠዋት ነይ›› አልኳት።

ትኬቴ የዛኑ ሌሊት ነው። አምስት ሰዓት ከቀረው ሰው አፍ ነው ‹ነገ ጠዋት ነይ› የወጣው። ደግሞ ፈገግ ብዬ። ትዝ ይለኛል፣ ስትሄድ ዞር ብላ ‹‹እጅሽ በርበሬ በርበሬ ይላል፣ ምን ልትሠሩ ነው?›› አለች፣ እኔም ‹‹እማዬ ናት›› ብዬ በሩን ዘጋሁ።

የሆነውን የሰማሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፣ በቴሌፎን ካርድ ስደውል እማዬ ነገረችኝ። በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መጣች። ፀጉሯን ፈትታ ታጥባ፣ ሻሽ ጣል አድርጋበት፣ ማበጠሪያና ቅባት በፌስታል ይዛ። እማዬ ‹‹ሄደች እኮ፣ ሌሊት›› አለቻት። ‹‹የት?›› ‹‹አሜሪካ።›› ትንሽ ቆመች አለች እማዬ፣ ከዛ ‹‹እግዜር በሰላም ያድርሳት›› ብላ ፌስታሏን ይዛ ተመለሰች። ‹‹ምንም አላለችም፣ ደህና ናት፣ አልተቀየመችም›› አለችኝ እማዬ። እኔም ማመን ስለሚመቸኝ አመንኩ።

ካፒቴን ክሬገን ለቤንሰን እንደነገራት ማለት ነው። በሰው አፍ። እኔ 12 ዓመት፣ 13 ዓመት ሙሉ ‹እንዴት ራሱ አይነግራትም› እያልኩ ስበሳጭ የኖርኩት ሴትዮ።

ስታብለር ኋላ ተመልሷል፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2021 (በፈረንጅ ነው)፣ አሥር ዓመት ሊሞላው ሲል። ያኔ ኮቪድ ነው፣ አረጋውያን በምንከባከብበት ሥራ ቦታ በየሳምንቱ የአንድ አረጋዊ አልጋ ይነሳ ነበር፣ ያንን ማታ ብቻ ነፍሴ ደስ ብሏት ተቀመጥኩ። ቤንሰን ለምን ሳትነግረኝ ሄድክ ስትለው ድምፅሽን ብሰማ መሄድ ያቅተኝ ነበር ዓይነት መልስ ነው የሰጣት። ደብዳቤም ሰጣት። ኋላ ሲወራ ደብዳቤውን ያጻፈችው ሚስቱ ሆና ተገኘች፣ የራሱ የሆነችው መጨረሻ ላይ ያለችው መስመር ብቻ ናት። ያኔ ተናደድኩ፣ ሰበብ ነው አልኩ፣ አሥር ዓመት ቆይቶ በሰው ቃል ይቅርታ ይባላል ወይ አልኩ።

ዛሬ ሳስበው ግን ያ ሰበብ እንኳ ለኔ አይሆንም። እኔ የመ.ን ድምፅ ሰምቻለሁ፣ ሰምቼም ሄጃለሁ። ብነግራትም እሄድ ነበር። አቅፋኝ አልቅሳ፣ ምናልባት ሻንጣውን አብራን ትሸከም ነበር፣ ቦሌ ድረስ ትሸኘኝ ነበር። ያልነገርኳት እንዳልቀር ፈርቼ ነው፣ እንዳልቀር የፈራሁት ደግሞ ዐይን ነው፣ ዐይን የሚባለው ደግሞ የማን ነው? በዛች ሰዓት በር ላይ የቆመችው እሷ ነቻ። ዝም ስላት ያልኳት ይሄንን ነው፣ አንቺንም ጠርጥሬሻለሁ ነው ያልኳት። መ. ሞኝ አይደለችም። ሻሿን አስራ ወደ ቤቷ ስትመለስ ይሄ የገባት ይመስለኛል። የመሄዴ ነገር ሳይሆን ይሄ።

እማዬ ‹‹የእኛ ልማድ ነው፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሄደው›› ትላለች። እውነቷን ነው። መ. ዛሬም በዓል ሲመጣ እማዬ ጋ ትሄዳለች፣ አግብታ ሰሚት ነው ያለችው፣ ሁለት ልጆች አሏት፣ ‹‹ደህና ናት?›› ብላ ትጠይቃለች፣ እማዬ ናት የምትነግረኝ። ቁጥሬን ጠይቃት አታውቅም። የእሷ ቁጥር እኔ ጋ አለ፣ ካስቀመጥኩት አራት ዓመት ሆኖታል።

ቴሌቪዥኑ ቆሞ ‹አሁንም እያዩ ነው?› ይለኛል። ደብተር አወጣሁና ልጽፍላት ጀመርኩ፣ በስልክ አልሆነልኝም፣ በወረቀት። እጄ ግን የልጅነታችንን ደብዳቤ ነው የሚጽፈው፣ ‹ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ካንቺ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ›። እዛ ላይ ቆምኩ። ይሄም የሰው ቃል ነው፣ ሁላችንም ከአንድ ቦታ የገለበጥነው። የራሴ የምትሆን አንዲት መስመር ከየት ላምጣ?

ዝናቡ አባርቷል። ማታ ደግሞ ሥራ አለብኝ፣ አሁን ካልተኛሁ አልችለውም። ግን አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ፣ እማዬንም በዚህ ሁሉ ዓመት ጠይቄያት አላውቅም። ዓርብ ጠዋት ፀጉሯን ፈትታ ከተመለሰች በኋላ፣ ለቅዳሜው ሰርግ ማን ሠራት?