ከቆዳው ስር ያለው ብረት

ዛሬ ስቶክሆልም፣ የስዊድን ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ከቆዳው ስር የብረት ቁርጥራጮች የተመቱበት አንድ ጥሩር (የጦር ልብስ) ፊት ቆሜ እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1361 በጎትላንድ ደሴት፣ ቪስቢ ከተማ ደጃፍ፣ የዴንማርክ ጦር የፈጃቸው ገበሬዎች ብዙዎቹ ከነጥሩራቸው በጅምላ ተቀብረው ነበር። ብረቱ ዝጓል። ቁርጥራጮቹ የተደራረቡበት መንገድ ግን ዛሬም ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለውን፣ ገጸ ባሕርይ ይዞ የሚጫወቱትን የምናብ ጨዋታ የምትጫወቱ ታውቁታላችሁ፤ ምስማር የተመታበት ቆዳ የሚባል ቀላል ልብስ አለ፣ የመከላከያ ነጥቡ 12። ብዙዎች እንደሚሉት ይህ የመጣው እንዲህ ያለውን ጥሩር በስዕል አይቶ ከመሳሳት ነው። ከውጭ የሚታየው ቆዳውና የምስማሩ ራስ ብቻ ነዋ! ሰይፉን የሚመክተው ብረት ያለው ከውስጥ ነው።

የክብደቱ ነገርም ያንገበግበኛል። ጨዋታው ለሰንሰለት ጥሩር 55 ፓውንድ፣ ወደ 25 ኪሎ ይሰጠዋል። የእውነተኛው የሰንሰለት ሸሚዝ ክብደት ብዙ ጊዜ ከ10 ኪሎ ብዙም አይርቅም። ቀበቶ ሲታሰርበት ደግሞ ሸክሙ ከትከሻ ወደ ወገብ ይወርዳል፤ ሰው ሮጦበታል፣ ፈረስ ላይ ወጥቶበታል።

ማታ ከልጆቹ ጋር ስንጫወት ሐሳቤን አቀረብኩ። ተከራከርን፣ ተስማማን። የኔዋ ተዋጊ የቪስቢውን ጥሩር ለብሳለች፤ መከላከያዋ 14፣ ክብደቱ 20 ፓውንድ። በጨዋታው ያለውን ወንዝም ተሻገረች።