ሩብ ላይ የቀረችው ጠቋሚ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ፒካፑ ስር ተኝቼ ነው የዋልኩት። እጄ ሦስት ጊዜ ታጥቦም ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ግን ደስ ብሎኛል።

ባለፈው ሳምንት እናቴን ከወረታ ወደ ባሕር ዳር ይዣት እየመጣሁ ነበር። ከኋላ ሁለት ኩንታል የፎገራ ሩዝ ጭነናል። ሐሙሲትን አለፍ እንዳልን መኪናው ሁለት ሦስቴ አነቀውና ቀጥ አለ። የናፍጣውን መጠን የሚያሳየውን ጌጅ አየሁት፤ ሩብ ይላል። መሽቷል። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ «ምን ሆነ ልጄ?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ። ጠቋሚዋን አምኜ፣ ፊልትሮ ነው፣ ፓምፕ ነው እያልኩ ግማሽ ሰዓት ፈጀሁ። በመጨረሻ የናፍጣ ታንከሩን ሆድ በጡጫ ብመታው እንደ ከበሮ ጮኸ፤ ለካ ባዶ ነው።

አንድ የአይሱዙ ሹፌር ቆመልን። ከጀሪካኑ አምስት ሊትር ናፍጣ ቀዳልኝ፤ ገንዘቡን የተቀበለኝ በስንት ልመና ነው። የናፍጣ መኪና አንዴ ከደረቀ ደግሞ መስመሩ አየር ስለሚይዝ ቀድቶ ማስነሳት ብቻ አይበቃም። ፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ ደጋግሜ ተጫንኳት። መጀመሪያ ባዶ ለባዶ ትገባለች። ናፍጣው ሲደርስ ጠጠረች። ያኔ ነው ልቤ የተመለሰው። የአባይን ድልድይ ስንሻገር እናቴ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

በነጋታው የጠየቅኩት ሁሉ «ጌጁን ቀይረው» አለኝ። ሽምብጥ አካባቢ የሚሠራ አንድ ወጣት ኤሌክትሪሻን ብቻ «ጋሼ፣ ሳንመረምር ዕቃ አንግዛ» አለኝ። ወደድኩት። ታንከሩ ላይ ያለውን ሶኬት ነቀለና የጌጁን ሽቦ በትንሽ አምፖል በኩል ከማሳ፣ ማለትም ከመኪናው አካል ብረት ጋር አገናኘው። አምፖሏ በራች፤ ጠቋሚዋም ቀስ እያለች ወደ ሙሉ ወጣች። ሲያላቅቀው ወደ ባዶ ወረደች። ጌጁም ሽቦውም ደህና ናቸው ማለት ነው። ስንት ብር እንዳዳነኝ እግዜር ይስጠው።

ዛሬ የባትሪውን ኔጌቲቭ አላቀን ታንከሩን አወረድነው። ከውስጡ የወጣው ዕቃ ጫፉ ላይ ተንሳፋፊ ያለው ቀጭን ክንድ ነው። ናፍጣው ሲቀንስ ተንሳፋፊው ይወርዳል፤ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚከላከልበት መጠን ይጨምራል፤ ጌጁም የሚያነበው ይህንኑ ነው። ይህንን በኦም የሚለካውን ቴስተር ይዘንበት ክንዱን በጣቴ ከላይ ወደ ታች ገፋሁት። ቁጥሩ ከጥቂት ኦም ተነስቶ ያለ ችግር ወጣ። ሩብ ጋ ሲደርስ ክንዱ ተቸነከረ። ማጠፊያው ላይ ቡናማ ዝገት ተጋግሯል። እናቴን ጨለማ ውስጥ ያስቀመጠብኝ ይኸው ነው፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ዝገት! በናፍጣና በጥርስ ብሩሽ ፈትገን አጠብነው። ክንዱ በራሱ ክብደት ወደቀ። ቴስተሩ ከ100 ኦም አለፈ።

ከገጠምነው በኋላ አምስት አምስት ሊትር እየቀዳሁ ጠቋሚዋ የደረሰችበትን ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ታንከሩ ቅርጹ እኩል ስላልሆነ አረማመዷም እኩል አይደለም፤ ከግማሽ በታች ስትሆን ትፈጥናለች። ወረቀቱን መሪው አጠገብ ለጥፌዋለሁ።

ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ። «ተሠራ?» አለች። ተሠራ አልኳት። «እሰይ! ጀሪካኑን ግን ከመኪናው እንዳታወርድ።»

ከኋላ በገመድ አስሬዋለሁ።