የሟች አባቴን የግብር እና የፍርድ ቤት ሰነዶች ጅማ ላይ እንዴት እንዳወጣሁ

አባቴ ካረፈ በኋላ ወረቀት የመከታተሉ ነገር እኔ ላይ ወደቀ። ጅማ መርካቶ የሸቀጥ ሱቅ ነበረው፣ ከቤታችን ጓሮ ያሉትን ክፍሎች ደግሞ ያከራይ ነበር። ግብሩ፣ ንግድ ፈቃዱ፣ የቤቱ ካርታ፣ ከዓመታት በፊት በወሰን የተከራከረበት የፍርድ ቤት መዝገብ፣ ሁሉም በእሱ ስም ነው። ዕዳ ይኑርበት አይኑርበት፣ ክርክሩ በምን እንደተዘጋ፣ እኛ ልጆቹ አናውቅም። ይህን ለማወቅ ነው ከቢሮ ቢሮ የዞርኩት። ሐዘን ላይ ሆኖ መላው የጠፋው ሰው ካለ ትንሽ ይቀለዋል ብዬ ነው የምጽፈው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። ልጅ መሆን ብቻውን መዝገብ አያስከፍትም። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የግብር ከፋይን መረጃ በምስጢር የመያዝ ግዴታ በሕግ አለበት፣ ባንክም እንደዚያው። መስኮት ላይ "ልጁ መሆንሽን በምን ልወቅ?" ስባል ደሜ ፈላ። ረጋ ብዬ ሳስበው ግን ልክ ናቸው። ልጁ ነኝ ብሎ ለመጣ ሁሉ የአባቴን ሒሳብ ቢዘረግፉት እኔም ደስ አይለኝም።

ታላቅ ወንድሜ አባታችን በሕይወት ሳለ የሰጠው ሙሉ ውክልና ነበረው። "በሱ ጨርሱት፣ ምን አደከማችሁ" ያሉን ብዙ ናቸው። አይሆንም። ውክልና ወካዩ ሲሞት ያበቃል፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ እንደዚያ ነው። በሞተ ሰው ውክልና እየፈረሙ ገንዘብ ማውጣት ነገ ወንድምና እህትን ችሎት ፊት ያቆማል።

ስለዚህ መነሻው የሞት ምስክር ወረቀት ነው። ሞት በ30 ቀን ውስጥ ቀበሌ መመዝገብ አለበት። ለቅሶ ላይ ይህን የሚያስታውስ ሰው የለም፣ ግን ከቤተሰቡ አንድ ሰው ያዙት። ሐኪም ቤት የሞተ ከሆነ የሐኪም ቤቱን ወረቀትና የሟችን መታወቂያ ይዞ መሄድ ነው። ስሙ ላይ ዓይናችሁን አትንቀሉ። የእኛ አባት ሰፈር ውስጥ የሚታወቀው በአንድ ስም፣ መታወቂያው ላይ ያለው ሌላ፣ የድሮው ንግድ ፈቃድ ላይ ደግሞ የአያቱ ስም ተለውጦ ተጽፏል። ይሄ ነገር በኋላ ሁሉም ቢሮ ላይ ስለሚጠየቅ፣ የወራሽነት አቤቱታው ላይ "በሁለቱም ስም የሚጠሩት አንድ ሰው ናቸው" ብለን አስገባነው፣ ምስክሮችም አረጋገጡ። ተገላገልን።

ወራሽነት የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነው። እዚህ ፍርድ ቤቱም ቢሮውም የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ አቤቱታውን በዚያው አስጻፍነው። ራፖር ጸሐፊ (አቤቱታ የሚጽፍ ሰው) ጋ ስትሄዱ የሁሉንም ልጆች ስም ይዛችሁ ሂዱ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ልጆች እኩል ነው የሚወርሱት፣ አንዱን ትቶ የወጣ ወረቀት ኋላ ይፈርሳል። እናት ካለች ደግሞ በትዳር የተፈራው ንብረት ግማሹ የራሷ ነው፣ ውርስ ውስጥ አይገባም። ውጭ አገር ያለ ልጅ በኤምባሲ ውክልና መላክ ይችላል። ጎረቤታችን ይህንኑ ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው የጨረሱት፣ ሁሉም ወገን ከተስማማ ያም መንገድ ክፍት ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። የወራሽነት ውሳኔው እንደወጣ ግልባጩን በርከት አድርጋችሁ ማኅተም አስመቱ፣ እያንዳንዱ ቢሮ አንድ ያስቀራልና። ከዚያ ፍርድ ቤቱ ለግብር ቢሮውና ለባንኩ በስማቸው ደብዳቤ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። ደብዳቤው ላይ የሟች ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የሚፈለገው ሰነድና ዓመተ ምሕረቱ ይጠቀስ። "ስለ ሟች ያለው መረጃ ይሰጣቸው" የሚል ደብዳቤ ነገ ተመለሱ ያስብላል። "ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት የከፈሉት ግብር፣ ያልተከፈለ ዕዳ፣ ወለድና ቅጣት ካለ" የሚል ደብዳቤ ግን ቀጥታ ወደሚመለከተው ሠራተኛ ይመራል። እኔን ያሳለፈኝ እሱ ነው።

የቅርብ ዓመታቱ ኮምፒውተር ላይ ተገኙ። የድሮው ግን ያለው መዝገብ ቤት ነው። እዚያ ያሉት አዛውንት "ልጄ፣ ቁጥሩን አምጪ እንጂ ስም አትጥሪልኝ" አሉኝ። ደግነቱ አባቴ ደረሰኞቹን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ በላስቲክ አስሮ ያስቀምጥ ነበር። ከአንዱ ደረሰኝ ጥግ ላይ የፋይሉን ቁጥር አነበብኩላቸው። ጋሼ መሰላል ላይ ወጥተው፣ ጠርዙ የተበላ አቃፊ አውርደው፣ አቧራውን በክርናቸው ጠረጉልኝ። ውስጡ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ የፈረመበት ወረቀት አለ። የደረጃ ሐ (የትንንሽ ነጋዴዎች ምድብ) ግብር ከፋይ ስለነበር የሚከፍለው ሐምሌ ላይ ነበር። የመጨረሻው ፊርማ ተንቀጥቅጧል። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፣ ጋሼም ወንበር ሳቡልኝ።

የወሰን ክርክሩን መዝገብ ማውጣት ይቀላል፣ የመዝገብ ቁጥሩ ካለ። ከሌለ ግን የተከራካሪዎቹን ስምና ዓመቱን ይዞ ሬጅስትራሩን፣ ማለትም የፍርድ ቤቱን መዝገብ የሚይዘውን ክፍል፣ መጠየቅ ነው። ከፋይሉ የውሳኔውን ግልባጭ ከፍለን አወጣን፣ ወሰኑም ለእኛ ተፈርዶ ነበር።

ዕዳን በተመለከተ አትደንግጡ። ወራሽ ለሟች ዕዳ የሚጠየቀው በወረሰው ልክ ነው። የሚያስደነግጠው ዝም ማለት ነው፣ ምክንያቱም መለያ ቁጥሩና ንግድ ፈቃዱ እስካልተዘጉ ድረስ ሱቁ እንደሚሠራ ይቆጠርና ግብርና ቅጣት ይደራረባል። እኛ ላይ የመጣው ትንሽ ነበር፣ ከፍለን ክሊራንስ (የግብር ዕዳ እንደሌለ የሚገልጽ ወረቀት) ወሰድን፣ በሱ ንግድ ፈቃዱን መለስን፣ ፋይሉ መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤም ተቀበልን። ደብዳቤውን ሳትይዙ ከቢሮ አትውጡ፣ በቃል "ተዘግቷል" መባል አይበቃም። የክፍሎቹ ኪራይ ስለሚቀጥል እሱ ወደ እናቴ ስም ዞሯል። የካርታው ስም ዝውውር ገና ነው፣ የሚጠይቁትን ወረቀት ግን ሁሉንም ይዘናል።